ከምስክር ወደ ምስክር ወረቀት፤ የተማሪ መዝገብ ታሪክ በአራዳና በፒያሳ

በአማርኛ «የምስክር ወረቀት» የሚለው ስም በውስጡ ታሪክ አለው። ወረቀቱ ከመምጣቱ በፊት ምስክሩ ሰው ነበር። አንድ ሰው ምን እንደተማረ፣ ከማን እንደተማረና የት እንደደረሰ የሚናገረው መምህሩ ነበር፤ መምህሩ ያለው ይታመናል። ይህ ምስክርነት ከሰው አፍ ወጥቶ ወደ መዝገብ፣ ወደ ካርድ፣ ወደ ማኅተም የተሸጋገረው በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ነው። ሽግግሩ ከማንኛውም ቦታ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በአዲስ አበባ፣ በአራዳና በፒያሳ፣ በዙሪያቸውም ባሉት ትምህርት ቤቶች ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረው ከትምህርት ቤት ግቢ ውጭ የተማረው ሰው ነው። በቤቱ፣ በየኔታ ደጅ፣ በማታ ወይም በርቀት የተማረ ሰው ዕውቀቱን ማን ይመስክርለት የሚለው ጥያቄ በየዘመኑ ሌላ መልስ ሲያገኝ ቆይቷል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በዓመት የሚቆጠር ክፍል የለውም። ተማሪው ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ከደገመ በኋላ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጻሕፍት ቤት ይሄዳል። አንዱ በሦስት ዓመት የሚጨርሰውን ሌላው በሰባት ዓመት ይጨርሰዋል፤ ፈጥኖ በመጨረሱ የሚመሰገን ቢኖርም ዘግይቶ በመጨረሱ የሚባረር የለም። የሚለካው የተቀመጠበት ጊዜ አይደለም፤ በቃሉ የያዘው ነው። ተማሪው በአንድ ግቢ ተወስኖ አይማርም፤ ቅኔ በጎጃም፣ ዜማ በጋይንት እያለ በየሀገሩ ይዞራል። ስንቁን ከየደጁ ለምኖ የሚያድር ይህ የቆሎ ተማሪ በአኩፋዳው ውስጥ የውጤት ወረቀት አይዝም።

ይህ ማለት ግን ሥርዓቱ መለኪያ የለውም ማለት አይደለም። እንዲያውም መለኪያው ጠንካራ ነው። በየሙያው «ምስክር ቤት» የሚባል ቦታ አለ። ድጓ የተማረ ሰው በጋይንት ቤተልሔም ያስመሰክራል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም የተማረ ወደ ጎንደር ይሄዳል፤ የቅዳሴ ምስክር ከሚሆኑት አንዱ ሰለልኩላ ነው። ተማሪው ከሌላ መምህር ዘንድ ዓመታት ተምሮ ቢመጣም በምስክር ቤቱ መምህር ፊት እንደገና ይሰማል፣ ይታረማል፣ ሲበቃም «አስመሰከረ» ይባላል። የትም ይማረው፣ ከማንም ይማረው፣ ምስክር ቤቱ የሚጠይቀው ያወቀውን ብቻ ነው። በዚህ ረገድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በቤቱም ሆነ በበረሃ የተማረን ሰው እኩል የሚቀበል ሥርዓት ነበር፤ የኋለኛው ዘመን ትምህርት ይህን በር በዚያ ስፋት ከፍቶት አያውቅም።

አራዳ ጊዮርጊስ ከአድዋ ድል በኋላ ሲሠራ፣ በአጠገቡም የአራዳ ገበያ ሲደራ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎና ከሸዋ የመጡ ሊቃውንት በአዲሲቱ ከተማ ተሰበሰቡ። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ደብር ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ባለ ሙያ በማያውቁት ሰዎች መካከል ሲቆም መታወቂያው የመምህሩ ስም ነበር። «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ያስመሰከረበትን ቦታ ይናገራል፤ ከዚያም በማኅሌት ቆሞ ይታያል። የመምህሩን ስም ጠርቶ ዜማው የማይመስል ከሆነ ውሸቱ እዚያው ይጋለጣል። የዚህ ዓይነቱ መዝገብ ድክመቱ በሰው ትውስታ ላይ መቆሙ ነው። መምህሩ ሲሞት፣ ጓደኞቹም ሲበታተኑ ምስክሩ አብሮ ያልፋል፤ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ለማያውቅ መሥሪያ ቤት ደግሞ የመምህሩ ስም ምንም አይነግረውም።

ከደጀ ሰላም ቀጥሎ ያለው የመማሪያ ቦታ የመኳንንቱ ቤት ነበር። ባለ ጸጋና ባለ ሥልጣን ለልጁ መምህር ቀጥሮ በግቢው ያስተምር ነበር። ከእነዚህ ልጆች በጣም የሚታወቀው በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባለው ተፈሪ መኮንን ነው። ሐረር ሳለ አባ ሳሙኤል ወልደ ካሂን አስተምረውታል፤ ወደ አዲስ አበባ ከመጣ በኋላ ደግሞ በምኒልክ ትምህርት ቤት ተምሯል። ለዚህ ዓይነቱ ልጅ የውጤት ወረቀት አያስፈልገውም ነበር፤ ሹመቱ ከትውልዱ ይመጣል። የቤት ትምህርት መዝገብ የሚያስፈልገው አባቱ ስም ለሌለው ልጅ ነው፤ ለእርሱም መዝገብ እስኪመጣለት ብዙ ዘመን ወስዷል።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ነው። ቦታው ከአራዳ ብዙም ሳይርቅ በቤተ መንግሥቱ አቅራቢያ ነበር። ቤተ ክህነት አዲሱን ትምህርት በጥርጣሬ ስላየችው ምኒልክ ከግብፅ የቅብጥ መምህራንን አስመጡ፤ የሃይማኖቱ ስጋት በዚህ ረገበ። ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ዐረብኛ ከአማርኛ ጋር የሚሰጡበት ይህ ትምህርት ቤት ለአገሪቱ አዲስ ነገር ይዞ መጣ፤ ተማሪ በክፍል ተመድቦ፣ በሰዓት ተወስኖ፣ በስም ተጠርቶ የሚማርበት ሥርዓት። ስም ከተጠራ መዝገብ ይኖራል፤ መዝገብ ካለ ደግሞ ያልተመዘገበ ሰውም አለ ማለት ነው። በትምህርት ቤት የተማረና ከትምህርት ቤት ውጭ የተማረ የሚለው ልዩነት በአዲስ አበባ የተጀመረው ከዚህ ነው።

ልዩነቱ ግን ወዲያው አልከበደም። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት ዓመት ነው። የአቢሲኒያ ባንክ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ሥራ ጀምሯል፤ የምድር ባቡሩም ወደ ከተማዋ እየተጠጋ ነበር። እነዚህ ሁሉ ፈረንሳይኛ የሚናገርና ሒሳብ የሚይዝ ሰው ይፈልጋሉ፤ ፈላጊው ብዙ፣ አዋቂው ጥቂት ስለነበር ቀጣሪው ራሱ ፈታኝ ነበር። አመልካቹን አናግሮ፣ ደብዳቤ አስጽፎ ይቀጥረዋል። ፈረንሳይኛውን ከሚሲዮን ይማረው፣ ከፈረንሳዩ አሊያንስ ይማረው፣ በነጋዴ ቤት ሲያገለግል ይልመደው፣ ግድ አልነበረም። የከንቲባነትን ሥራ የሠሩት፣ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መሠረታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። በዚያ ዘመን ሥራው ራሱ ምስክር መሆን ይችል ነበር።

ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. ሲከፈት፣ እቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤትም በ1920ዎቹ አጋማሽ ሲከተል የተማሪው ቁጥር ጨመረ። በአራዳ ዙሪያ የአርመንና የግሪክ ማኅበረሰቦች ለልጆቻቸው የየራሳቸው ትምህርት ቤት ነበራቸው፤ አሊያንስም ያስተምር ነበር። እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ መጽሐፍ፣ በራሱ መለኪያ ይሠራል። የአንዱ አራተኛ ክፍል ከሌላው አራተኛ ክፍል ጋር የሚመሳሰልበት ምክንያት አልነበረም። የትምህርት ሚኒስቴር በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቢቋቋምም ሁሉን በአንድ መለኪያ የሚያስገባ ፈተና ከማዘጋጀቱ በፊት ጦርነቱ መጣ።

ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የኢትዮጵያውያን ትምህርት ተቋረጠ። የአራዳ ገበያ ተነሥቶ ለአገሬው ሰው ወደተከለለው አዲስ ከተማ ተዛወረ፤ የመሐል አራዳም ስም ፒያሳ ሆነ። በአምስቱ ዓመት የተማረ ልጅ ቢኖር አብዛኛው በየኔታ ደጅ ወይም ማንበብ በሚችል ዘመድ እጅ ነው። ነጻነት ሲመለስ ትምህርት ቤቶቹ የተቀበሉት ዕድሜው የገፋ፣ ግማሽ የሚያነብ፣ ግማሽ ከነአካቴው ያልጀመረ፣ ከእጁ አንዳች ወረቀት የሌለው ትውልድ ነበር። መምህራኑ የሚያደርጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጁን አስነብበውና አስጽፈው በሚመጥነው ክፍል ማስቀመጥ። ይህ የችግር ጊዜ አሠራር ከማንኛውም ደንብ ይልቅ ለተማሪው ፍትሐዊ ነበር።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ያሉት ዓመታት የወረቀት ዘመን መጀመሪያ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተፈተኑት የለንደን ማትሪኩሌሽን የተባለውን የእንግሊዝ ፈተና ነው፤ «ማትሪክ» የሚለው ቃል በከተማው አፍ የቀረው ከዚህ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀምር የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና የእንግሊዙን ቦታ መያዝ ጀመረ፤ ሕዝቡ ግን ስሙን አልቀየረም፤ ማትሪክ ማትሪክ ሆኖ ቀረ። ታችኛውን ፈተና ደግሞ ከሚኒስቴሩ ስለሚመጣ «ሚኒስትሪ» አለው። በማትሪክ አማርኛ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ግዴታ ነበሩ፤ ውጤቱ ከኤ እስከ ኤፍ በፊደል ይሰጥና ከአራት ነጥብ ይታሰብ ነበር።

በሁለቱ ፈተናዎች መካከል ያሉትን ዓመታት የሚመዘግበው የትምህርት ቤቱ ወረቀት ነው። ይህም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ቤት ይሄዳል፣ ሁለተኛው ትምህርት ቤት ይቀራል። ቤት የሚሄደው ካርድ ነው። በየሰሚስተሩ የእያንዳንዱ ትምህርት ውጤት ከመቶ፣ ድምሩ፣ አማካዩ፣ ከክፍሉ ስንተኛ እንደወጣ፣ ጠባዩ፣ የቀረበት ቀን ብዛት ይሞላበታል። ወላጅ ፈርሞ ይመልሰዋል፤ በዓመቱ መጨረሻም ተዛውሯል ወይም አልተዛወረም የሚለው ይጻፍበታል። ትምህርት ቤት የሚቀረው ሮስተር ነው። የክፍሉ ተማሪዎች በሙሉ ከነውጤታቸው በአንድ ሰፊ ወረቀት ተዘርዝረው፣ በክፍሉ ኃላፊ መምህርና በርዕሰ መምህሩ ተፈርመው በሪከርድ ክፍል ይቀመጣሉ። ካርድ ቢጠፋ፣ በዝናብ ቢበሰብስ፣ ቤት ቢቃጠል፣ ሮስተሩ ካለ ትራንስክሪፕት ይሠራል። ሮስተሩ ከጠፋ ግን ተማሪው አራት ዓመት መማሩን የሚያውቁት እርሱና ጓደኞቹ ብቻ ናቸው፤ የጓደኛ ምስክርነት ደግሞ በቤተልሔም እንጂ በሪከርድ ክፍል አይሠራም። ሌላ ትምህርት ቤት የሚገባውንም ካርዱን ብቻ ይዞ ቢመጣ አይቀበሉትም፤ መሸኛ ያስፈልገዋል።

ይህ ወረቀት በፒያሳ ሌላ ሥራ ፈጠረ። ለማመልከቻውና ለምስክር ወረቀቱ ጉርድ ፎቶ ግድ ነው። በአዲስ አበባ የፎቶግራፍን ሙያ ካቋቋሙት መካከል አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ይገኛሉ፤ ከእነርሱ ወዲህ የበዙት የፒያሳ ፎቶ ቤቶች ለብዙ ሺህ ተማሪ የመጀመሪያውን ፎቶ አንሥተዋል። በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ የሚጽፉ፣ ሰነድ የሚተረጉሙ፣ በኋላም ፎቶ ኮፒ የሚያነሡ ቤቶች በየመንገዱ ተከፍተው ነበር። ካርዱን በፕላስቲክ አስጠርዞ በሳጥን ማስቀመጥ የቤተሰብ ወግ ሆነ።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያው አቆጣጠር ከአሜሪካው የሚለይበትን ነጥብ መግለጽ ይገባል። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በክሬዲት ይቆጠራል። መነሻው ካርኔጊ ፋውንዴሽን ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስፋፋው መለኪያ ነው፤ አንድ ትምህርት በዓመት 120 ሰዓት ያህል ከተሰጠ አንድ ክሬዲት ይሆናል። ተማሪው የሚመረቀው ክሬዲቱ ሲሞላ ነው። ልጁን በቤቱ የሚያስተምር ወላጅ ሰዓቱን፣ መጽሐፉንና ፈተናውን መዝግቦ ትራንስክሪፕቱን ራሱ ማዘጋጀት ይችላል፤ የቤት ትምህርት በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው። በኢትዮጵያ ክሬዲት አወር የዩኒቨርሲቲ ቋንቋ እንጂ የሁለተኛ ደረጃ ቋንቋ አይደለም። የሚቆጠረው ክፍል ነው፤ ዘጠነኛ፣ አሥረኛ፣ አሥራ አንደኛ፣ አሥራ ሁለተኛ። በሒሳብ የወደቀና በታሪክ ያለፈ ተማሪ የታሪኩን አስቀምጦ የሒሳቡን ብቻ አይደግምም፤ አማካዩ ካልሞላ ዓመቱን እንዳለ ይደግማል። ይህ አቆጣጠር ከትምህርት ቤት ውጭ የተማረውን ይጎዳል፤ ዕውቀቱ ተከፋፍሎ ሊመዘገብ ስለማይችል ወይ ሙሉ ዓመት ይባልለታል፣ ወይ ምንም አይባልለትም።

በታችኛው ክፍል ግን መላ ነበረው። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የደገመ ሕፃን አንደኛ ክፍል ሲመጣ የልደት ወረቀት አልነበረውም። ዕድሜው የሚታወቀው እጁን በጭንቅላቱ ላይ አሻግሮ ተቃራኒ ጆሮውን መንካት በመቻሉ ነበር። ማንበብ እንደሚችል የታየ ልጅ ክፍል ይዘል ነበር፤ በተማሪ ቋንቋ «ደብል ይመታል»። በየኔታ ደጅ ያሳለፈው ጊዜ በዚህ ተቆጠረለት ማለት ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ግን ይህ ምሕረት የለም።

ለትልልቆቹ የቀረው መንገድ ማታና የግል ፈተና ነው። ከነጻነት በኋላ «ብርሃንህ ዛሬ ነው»ን የመሰሉ የጎልማሶች ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ቀን ቀን ተማሪ የሚማርባቸው ክፍሎችም ማታ መብራት በርቶባቸው ጸሐፊውን፣ ወታደሩን፣ ሱቅ ሻጩንና የቤት ሠራተኛዋን ይቀበሉ ጀመር። የማታ ተማሪ የራሱ ካርድና የራሱ ሮስተር አለው። ከክፍል ጨርሶ ያልገባው ደግሞ «የግል ተፈታኝ» ሆኖ ይመዘገባል። ይህ ቃል በኢትዮጵያ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ካገኘው ትኩረት የበለጠ ይገባዋል። ማትሪክ ወድቆ በቤቱ ሲያጠና የከረመ፣ ሥራ ይዞ መማር ያቆመ፣ ውጤቱን ሊያሻሽል የፈለገ ሁሉ በዚህ በር ገብቷል። ፈተናው ተመሳሳይ ነው፤ ወረቀቱን የሚያርመው ሰው የተማሪውን ማንነት አያይም። የምስክር ቤቱ መንፈስ በዘመናዊው ትምህርት ውስጥ በሕይወት የቀረው በዚህ አንድ በር ነው።

አብዮቱ መዝገቡን ሁለት ጊዜ ፈተነው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ሲያሰማራ የከፍተኛ ክፍሎች ትምህርት ተቋረጠ። ብዙ የአዲስ አበባ ልጅ ከዘመቻ ሲመለስ፣ ወይም ሳይመለስ ሲቀር፣ ካርዱ በአሥራ አንደኛ ወይም በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሞ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ቀይ ሽብር ተማሪዎቹን ራሳቸውን በላ፤ ሮስተር ላይ ስማቸው ተጽፎ ውጤታቸው ባዶ የቀረ ልጆች በዚያ ትውልድ ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከትምህርት ቤት ርቆ የኖረውን ሰው የመጀመሪያ ወረቀት ሰጠው። በየቀበሌው አዳራሽ ማንበብና መጻፍ የተማሩ እናቶችና አባቶች ተፈትነው የምስክር ወረቀት ተቀበሉ፤ አንዳንዶቹ ለዕድሜ ልካቸው የያዙት ብቸኛ የትምህርት ሰነድ ይኸው ነበር።

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የክፍሉን አቆጣጠር ከፋፈለው። አጠቃላይ ትምህርት በአሥረኛ ክፍል እንዲያበቃ፣ ሁለቱ ዓመታት መሰናዶ እንዲሆኑ ተደረገ፤ የቀድሞው ማትሪክም ቀርቶ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መጣ። እስከ 2011 ዓ.ም. በቆየው በዚህ ሥርዓት የተማረ ሰው ሁለት ወረቀት ይይዛል፤ የአሥረኛውና የአሥራ ሁለተኛው። ከእርሱ በፊት የነበረው አንድ ወረቀት፣ ከእርሱ በኋላ የመጣውም አንድ ወረቀት ነው ያለው። በዚሁ ዘመን ወረቀቱ ባሕር ተሻገረ። የአሜሪካ የዲቪ ዕጣ የደረሰው ሰው 12 ዓመት መደበኛ ትምህርት መጨረሱን፣ ወይም የሥራ ልምዱን ማሳየት አለበት። ከሃያ ዓመት በፊት ትምህርት የጨረሱ ሰዎች ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ሪከርድ ክፍል እየተመለሱ ሮስተር ማስፈለግ የያዙት ከዚህ የተነሣ ነው።

የቤት ትምህርት ለመላው አገር ግዴታ የሆነበት ጊዜም ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የአዲስ አበባ ተማሪ በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በቴሌግራም እንዲማር ተባለ። እነዚያ ወራት ግን በካርድ ላይ አልተቆጠሩም። ፈተና ከሚጠብቃቸው ክፍሎች በስተቀር ተማሪው ወደሚቀጥለው ክፍል ሲዛወር በእጁ የነበረው የመጀመሪያው ሰሚስተር ውጤት ብቻ ነው። አባትና እናት አጠገቡ ተቀምጠው ያስተማሩት ልጅና መጽሐፍ ያልገለጠው ልጅ በመዝገብ ላይ አንድ ሆኑ። ለዚህ ተወቃሽ የሚሆን ሰው የለም፤ መዝገቡ በቤት የተሠራን ሥራ የሚጽፍበት ዓምድ አልነበረውም። የዚያ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዘግይቶ በ2013 ዓ.ም. ተሰጠ።

የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በአራት ዓመት ካርድ ላይ ሰባና ሰማንያ የነበረው አማካይ ከፈተናው ውጤት ጋር ሊታረቅ አልቻለም። ምስክር ወረቀት ያለ ምስክር ሲቀር ምን እንደሚመስል በዚያ ውጤት ታየ።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወረ፤ ልጆቹም በአጋማሽ ዓመት መሸኛ ይዘው ትምህርት ቤት ቀየሩ። ፎቶ ቤቶቹና ጽሕፈት ቤቶቹ ብዙዎቹ ዛሬ በቦታቸው የሉም። የድሮዎቹ ትምህርት ቤቶች ሮስተሮች ግን በወረቀት ናቸው፤ ወረቀት ደግሞ በእርጥበትና በአይጥ ያልቃል። ሪከርድ ክፍል ያላቸው ትምህርት ቤቶች የቆየውን ሮስተር ሁሉ በዲጂታል ቅጂ ያስቀምጡ፤ ሚኒስቴሩም በቤት፣ በማታና በርቀት ለሚማረው ሰው እንደ ጥንቱ ምስክር ቤት በየትምህርቱ የሚፈተንበትና ያለፈው የሚመዘገብለት በር ይክፈት። እስከዚያው ልጁን በቤቱ የሚያስተምር ወላጅ ደብተር ይያዝ፤ ቀኑን፣ መጽሐፉን፣ የተሠራውን ፈተናና ያረመውን ሰው ስም ይጻፍበት።